አንዱንም አታጉድል

ልጄ፣ ይህን የምጽፈው የአክታህ ውጤት «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ተብሎ ለመጣብህ ለአንተ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ በኪራይ ቤት ለምትኖረው፣ ቀን ሥራ ለምትሠራው ወይም ገና ለምትማረው። በነርስነት ካገለገልኩባቸው ዓመታት አብዛኞቹ ያለፉት ቲቢ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ፤ ግን የሰፈር ልጆች ካርዳቸውን ይዘው ይመጡና «ይሄ ሁሉ ክኒን ለምንድን ነው? አንዱን ብተወውስ?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ የአንድ ደቂቃ መልስ መስጠት አልወድም። ስለዚህ በቁጥር ከፋፍዬ ጽፌልሃለሁ፤ ሐኪምህ ወረፋ በዝቶበት ሳይነግርህ ያለፈውን ከዚህ ታገኛለህ።

1. የለመደው ባክቴሪያው ነው

ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ስለለመደው አልሠራልኝም» ይላል። ሰውነትህ ምንም አልለመደም። የተለወጠው ሳንባህ ውስጥ የተቀመጠው ባክቴሪያ ነው። ኢሶናያዚድና ሪፋምፒሲን የሚባሉት ሁለቱ ዋና የቲቢ መድኃኒቶች ሳይገድሉት ሲቀሩ ነው ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልህ። የለመደው ሰውነትህ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ካንተ አያልፍም ነበር። ባክቴሪያው ስለሆነ ግን ስታስል ከትንፋሽህ ጋር ወጥቶ እህትህን ቢይዛት፣ እሷ ገና አንድ ክኒን ሳትውጥ የተላመደውን ይዛ ትጀምራለች። አንተንም የያዘህ እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ቲቢ ታክመህ የማታውቅ ከሆነ «መድኃኒት አቋርጠህ ያመጣኸው ነው» የሚልህን ሰው አትስማው።

በሽታው በዓለምም በአገራችንም አዲስ አይደለም። ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው፤ የዓለም የቲቢ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 15 የሚከበረውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ 7ኛ የባክቴሪያው ዘር መኖሩን አስታወቁ። ያገኙት እዚሁ ክልላችን ወልድያ አካባቢ ከታከሙ ሰዎች አክታ ነበር። ይህን የማነሳልህ አንተ የመጀመሪያው እንዳልሆንክ፣ በሽታውም ለአንተ ተብሎ የመጣ ቅጣት እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው።

2. መድኃኒቶቹ ለምን አብረው እንደሚወሰዱ ተረዳ

ይህን ቁጥር ቀስ ብለህ አንብበው፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የመጀመሪያው የቲቢ መድኃኒት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጡት ጥናት 55 ሕመምተኞች ይህን መርፌ ተወጉ፤ ሌሎች 52ቱ በጊዜው በነበረው ደንብ አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ አደረጉ። በስድስት ወር ውስጥ ከተወጉት 4 ሰዎች ሞቱ፤ ካልተወጉት ደግሞ 14። ዓለም ደስ አለው። ነገር ግን ተሻላቸው ከተባሉት ብዙዎቹ እንደገና ማሳል ጀመሩ፤ አሁን መርፌው አልነካ አላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ሲተያዩ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት በጣም ጠብቦ ተገኘ። መድኃኒቱ መጥፎ አልነበረም፤ ብቻውን መሰጠቱ ነበር ጥፋቱ። ወዲያው ፓስ ከሚባል ሁለተኛ መድኃኒት ጋር አጣምረው ሲሰጡት ባክቴሪያው የመላመድ ዕድሉ እጅግ ቀነሰ። ቲቢ በአንድ መድኃኒት ብቻ እንዳይታከም ሕግ የሆነው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ባክቴሪያው ሲራባ አልፎ አልፎ በራሱ ስህተት የተለወጠ ዘር ይወልዳል። ከ1 ሚሊዮን ባክቴሪያ አንዱ ያህል ገና መድኃኒቱን ሳያየው ኢሶናያዚድን የሚቋቋም ሆኖ ይገኛል። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ደግሞ ከ100 ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። ቲቢ ሳንባ ውስጥ በቦረቦረው አንድ ጉድጓድ 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። እንግዲህ አስላው፦ ኢሶናያዚድን ብቻ ብትውጥ ከመጀመሪያዋ ክኒን በፊት የሚያመልጡ 100 ያህል ባክቴሪያዎች ተዘጋጅተው ይጠብቁሃል። ሌላው ሲሞት እነሱ ቦታውን ይይዛሉ። ሁለቱን መድኃኒቶች አብረህ ብትውጥ ግን ሁለቱንም የሚያመልጥ ባክቴሪያ የሚገኘው ከ100 ትሪሊዮን አንድ ነው፤ ይህን ያህል ባክቴሪያ በማንም ሳንባ ውስጥ የለም።

ጣና ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ይህን ያውቁታል። ዓመት ከዓመት በአንድ ዓይነት መረብ ብቻ ካጠመድክ፣ ሐይቁ ውስጥ የሚቀርልህ በዚያ መረብ ቀዳዳ የሚያመልጠው ዓሣ ነው፤ የሚራባውም እሱው ነው። መረቡ ዓሣውን አልለወጠውም፤ የሚያመልጠውን መርጦ አስቀረ እንጂ።

የአንተ ባክቴሪያ ሁለቱን ጠንካራ መድኃኒቶች አምልጧል። ስለዚህ ከዚህ በፊት አግኝቷቸው በማያውቅ ሌሎች መድኃኒቶች፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይዘህ መጀመር አለብህ። ከዚህ የሚወጣ አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ አደራ አትርሳው። ሕክምናው አልሻል ካለህ ማንም ሰው፣ ባለሙያም ቢሆን፣ በነበረው ላይ አንድ መድኃኒት ብቻ ጨምሮ «ይህን ሞክር» ካለህ ጠይቅ። የቀድሞዎቹ መሥራት አቁመው ከሆነ አዲሱ ብቻውን መቆሙ ነው፤ ብቻውን የቆመ መድኃኒት ደግሞ በወራት ውስጥ ይሸነፋል።

3. የምትውጠውን በስሙ እወቀው

ዕድሜህ 14 ከሞላና ሌላ የሚከለክል ነገር ከሌለ ሐኪምህ በስድስት ወሩ ሕክምና ሊያስጀምርህ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጥምረት እንዲሰጥ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው። መድኃኒቶቹ አራት ናቸው። ቤዳኩዊሊን ባክቴሪያው ጉልበት የሚያገኝበትን መንገድ ይዘጋል። ሊኔዞሊድ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያደርገዋል። ሞክሲፍሎክሳሲን ዲኤንኤውን እንዳይገለብጥ ይከለክለዋል። ፕሪቶማኒድ ደግሞ ግድግዳውን እንዳያድስ ይይዘዋል፤ ተኝቶ የሚጠብቀውን ባክቴሪያ ሳይቀር ይመርዘዋል። አየህ፣ አራቱም የሚመቱት በአራት አቅጣጫ ነው። አንዱን ያመለጠ በሌላው ይያዛል።

ምርመራው ባክቴሪያህ ሞክሲፍሎክሳሲንንም እንደለመደ ካሳየ እሱ ይወጣና በሦስቱ ትቀጥላለህ። ለነፍሰ ጡር ሴትና ለሕፃናት የሚመረጠው ሌላ ጥምረት ነው። ስለዚህ ከጎረቤትህ ክኒን ጋር አታወዳድር፤ የአንተ የታዘዘው በአንተ አክታ ነው። ስማቸውን ግን በወረቀት ጽፈህ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ሌላ ከተማ ብትታመም፣ ድንገት ሌላ ሆስፒታል ብትገባ፣ ያቺ ወረቀት ትናገርልሃለች።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ሪፋምፒሲን እንደማይሠራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይናገራል። የቀሩትን መድኃኒቶች ለመፈተሽ ግን ብዙ ጊዜ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። እዚሁ ባሕር ዳር ያለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ይህን ከሚሠሩት አንዱ ነው። ናሙናህ ተልኮ ከሆነ «ውጤቱ ደረሰ ወይ?» ብለህ መጠየቅ መብትህ ነው። ደጋግመህ ጠይቅ።

4. ስታቋርጥ አንዱ ብቻውን ይቀራል

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። ቤዳኩዊሊን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ መድኃኒት አይደለም። ካቆምከው በኋላ እንኳ ሰውነትህ ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ አምስት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ሌሎቹ ሦስቱ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጠርገው ይወጣሉ።

አሁን አስበው። በሦስተኛው ወር ተሻለኝ ብለህ ሁሉንም አቆምክ እንበል። ሦስቱ ወጡ። ቤዳኩዊሊን ግን በትንሽ በትንሹ፣ ባክቴሪያውን መግደል በማይችልበት መጠን፣ ለብዙ ወራት ብቻውን ሳንባህ ውስጥ ይቆያል። ይህ በ1948ቱ ጥናት የታየው ስህተት ራሱ ነው፤ አንድ መድኃኒት፣ ብቻውን፣ የተረፈ ባክቴሪያ ባለበት። ማቋረጥ ማለት ሕክምናን ማቆም ይመስልሃል፤ እውነቱ ግን ለባክቴሪያው የመጨረሻውን ጠንካራ መድኃኒት የሚለማመድበት ጊዜ መስጠት ነው።

ሁሉንም ከለመደ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2006 ከደቡብ አፍሪካ፣ ቱጌላ ፌሪ ከምትባል የገጠር ከተማ የወጣውን ዜና እኔ አልረሳውም። እጅግ ብዙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከተገኘባቸው 53 ሰዎች 52ቱ ሞቱ። ከተመረመሩት ሁሉም ኤችአይቪም ነበረባቸው። ብዙዎቹ የሞቱት አክታቸው ከተወሰደ በሳምንታት ውስጥ ነበር። በዚያችው አገር ከዓመታት በኋላ እንዲህ ያለ ከባድ ቲቢ የያዛቸው 109 ሰዎች በቤዳኩዊሊን፣ በፕሪቶማኒድና በሊኔዞሊድ ጥምረት ታከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት 98ቱ ዳኑ። እነዚህን መድኃኒቶች እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃቸው የምልህ ለዚህ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣ ብዙ ነገር የለም።

5. ከአንተ በፊት የታከሙትን አስብ

መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በአገራችን ሕክምና የተጀመረው በየካቲት 2001 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ በሚገኘው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከአንድ የውጭ ድርጅት ጋር ሆኖ ነበር የጀመረው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቀጠለ። የዓባይ ማዶ ሰው ያን ጊዜ ሐይቁን ዞሮ ጎንደር ይወጣ ነበር፤ ካልሆነም የዓባይን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ።

ሕክምናው እንዴት ያለ እንደነበር ልንገርህ። ሃያ ወርና ከዚያ በላይ። ከዚያ ውስጥ ስድስት ወር ያህሉ በየቀኑ መርፌ ነው፤ የሚቀመጡበት እስኪያጡ ድረስ ይወጉ ነበር። መርፌው የብዙዎችን ጆሮ ደፈነ። ከክኒኖቹ አንዱ ሳይክሎሰሪን አእምሮን ይረብሽ ነበር፤ ሌሊት የማይታይ ሰው እያናገረ የሚያድር ልጅ አስታምመናል። እንዲያም ሆኖ ውሎ አደረ። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ በሁለቱ ሆስፒታሎች 1,044 ሰዎች ሕክምናውን ጀመሩ። ሁለት ዓመት ክትትል ከተደረገላቸው 612 ሰዎች 78.6 በመቶው ሕክምናው ተሳካላቸው። ያን ጊዜ በአፍሪካ በዚህ ሕክምና የሚሳካላቸው ከግማሽ በታች ነበሩ። ያ ውጤት የመጣው በመድኃኒት ብቻ አልነበረም። ምግብ ይሰጥ ነበር፣ ቤት ለቤት ክትትል ነበር፣ የጎንዮሽ ጉዳት በየጊዜው ይታይ ነበር። በእኔ ግምት ያን ጊዜ ሰውን ያዳነው ክኒኑና ክትትሉ እኩል ሆነው ነው።

ከዚያም ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች «ሕክምናው ያጥራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በራሳቸው ሰውነት መለሱ። ስትሪም የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት በመጀመሪያው ዙር ኢትዮጵያን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ሞንጎሊያንና ቬትናምን ያካተተ ነበር። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር የሚፈጀው ሕክምና ከሃያ ወሩ ያላነሰ ውጤት ማምጣቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። በሁለተኛው ዙርም አገራችን ነበረች፤ መርፌ የሌለበት፣ ቤዳኩዊሊን ያለበት ሕክምና ከመርፌው እንደሚሻል ታየ። ዛሬ አንተ ሳትወጋ ስድስት ወር የሚባልልህ እነዚያ ሰዎች ስለታገሡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ውስጥ አላስገባትም። ስንት ዓመት እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንደነበርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

6. ሲያስቸግርህ ተናገር፣ መርጠህ አትተው

መድኃኒቶቹ ያስቸግራሉ። የማያስቸግሩ አስመስሎ የሚነግርህን አትመን። ሊኔዞሊድ እግርን ይነዝራል፣ ያቃጥላል፤ ደም ሊያሳንስ ይችላል፤ ዓይንንም ሊነካ ይችላል። ቀይና አረንጓዴ ቀለም መለየት ቢቸግርህ ወይም ጽሑፍ ቢደበዝዝብህ ነገ ሳትል ሂድ፤ ዓይን ቶሎ ከታየ ይተርፋል። ቤዳኩዊሊንና ሞክሲፍሎክሳሲን የልብ ምትን ሥርዓት ሊያዛቡ ይችላሉና በየጊዜው ኢሲጂ የሚባል የልብ ምርመራ ትነሣለህ። ልብህ ድንገት በኃይል ቢመታብህ ወይም ራስህን ብትስት ጊዜ አትስጠው። ፕሪቶማኒድ ያቅለሸልሻል፣ ጉበትንም ይነካል፤ ዓይንህ ቢጫ ቢሆን፣ ሽንትህ እንደ ቡና ቢጠቁር ተናገር። አረቄ በዚህ ስድስት ወር አይነካ። ጠላም ቢሆን ይቅርብህ።

ሰዎች የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። የሚያስቸግራቸውን ክኒን ለይተው ያውቁታል፤ ሦስቱን ውጠው አንዱን ፍራሽ ሥር ይደብቁታል። ምንም ያጠፉ አይመስላቸውም፤ ሦስቱን ውጠዋላ። ሁለተኛውን ቁጥር አንብበሃልና አሁን ለምን እንደምቆጣ ታውቃለህ። ሊኔዞሊድን መቀነስ ወይም ማቆም የሚችል ሐኪም አለ፤ እሱ ሲቀንስ የቀሩት ይበቃሉ ወይ ብሎ አስልቶ ነው። አንተ ግን ስሌቱን አልሠራህም። ለነርሷ «ይሄን መዋጥ አቃተኝ» በላት፤ አታፍርም፣ አትሰደብም። ብትሰደብ እንኳ ነግረሃት ተሰደብ።

የጨጓራ ሽሮፕና የብረት ክኒን ሞክሲፍሎክሳሲን ወደ ደምህ እንዳይገባ ይይዙታል። ከወሰድካቸው ለባለሙያው ንገር፤ ሰዓታቸውን ይለያይልሃል።

7. ጾምና ጠበል

ቤዳኩዊሊንና ፕሪቶማኒድ የሚወሰዱት ከምግብ ጋር ነው። በባዶ ሆድ የተዋጠ ቤዳኩዊሊን ወደ ሰውነት የሚገባው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ትወስደዋለህ፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾም ናቸው። ጠዋት በባዶ ሆድህ ክኒንህን ውጠህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትቆይ፣ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግልሃል፤ መድኃኒቱ ግን በግማሽ ነው የገባው።

ወደ ንስሐ አባትህ ሂድና እውነቱን ንገራቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ እሳቸውም ብላ ብለው ያሰናብቱሃል። ሥጋና እንቁላል መብላትን ካልፈቀደ ሕሊናህ ቢያንስ ሽሮውን፣ ባቄላውን፣ እንጀራውን በሰዓቱ ከክኒኑ ጋር ብላ። እኔ ግን ወተቱንም እንቁላሉንም ብትበላ እመርጣለሁ። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው ሕክምና ከተመዘገቡት ሰዎች ግማሾቹ ክብደታቸው ለቁመታቸው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ከሲታ በሆኑት ላይ ሞቱ ይበረታ ነበር። ሙስሊም ከሆንክም ነገሩ አንድ ነው፤ ረመዳን ሲገባ ከሐኪምህና ከሸኽህ ጋር ተነጋገር።

ጠበል መጠመቅ አልከለክልህም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲጠየቁ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና እንደማይጣሉ አስተምረዋል። ለቲቢም ያው ነው። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቅ። ክኒንህን ቤት ትተህ ለሱባኤ አትሂድ። አክታህ ገና ባክቴሪያ እያሳየ ከሆነ ደግሞ ጠበልተኛው ተጨናንቆ በሚያድርበት አዳራሽ አትደር፤ ከጎንህ የተኛው ደካማ ሰው ሊድን መጥቶ ከአንተ ይዞ ይሄዳል።

8. የሚተላለፈው በአየር ነው

ሳህን አትለይ፣ ሲኒ አትለይ። ቲቢ በጉርሻ፣ በመጨባበጥ፣ በልብስ አይተላለፍም። እናት የልጇን ዕቃ ለብቻ ስታጥብ አይቼ ስንት ጊዜ አዝኛለሁ፤ ልብ ይሰብራል፣ ማንንም ደግሞ አያድንም። የሚያድነው መስኮት ነው። ዓባይ ማዶ ያሉት የኪራይ ክፍሎች ጠባብ ናቸው፣ አንድ መስኮት ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ እሷም ሌባና ብርድ ተፈርቶ ተዘግታ ትኖራለች። ክፈታት። በሩንም ክፈት። ቀን ቀን ከቤት ውጪ ጥላ ሥር ተቀመጥ። ሐኪምህ «አሁን አታስተላልፍም» እስኪልህ ድረስ ለብቻህ ተኛ፣ ባጃጅም ሆነ ታክሲ ስትሳፈር ማስክህን አድርግ።

ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር፤ ሳል ያለው ብቻ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያለች ልጅ ካለች ቀድማ ትታይ። ለተጋለጡት የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት አሁን አለ፤ ባለሙያውን ጠይቅ።

ሌላም ነገር ልጨምር። ጓደኛህ ሳል ሲይዘው ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮ ገዝቶ ሲውጥ ካየኸው ከልክለው። ሲፕሮ ከአንተ ሞክሲፍሎክሳሲን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሳሉ ቲቢ ከሆነ ለጥቂት ቀናት ይከድንለታል፤ ምርመራው ይዘገያል፣ ባክቴሪያውም የዚያን ቤተሰብ መድኃኒት ብቻውን ያገኘዋል። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል አክታ ይመረመራል፤ ቲቢ ከተገኘ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

9. ሥራና መንገድ

መስከረም ሲጠባ ጓደኞችህ ለሰሊጥ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳሉ። አንተ ዘንድሮ አትወርድም። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግህ አውቃለሁ፤ ግን በረሃ ላይ ስድሳና ሰባ ሰው በአንድ ዳስ ያድራል፣ ምግቡ አንድ ዓይነት ነው፣ መድኃኒትህን የሚሰጥህም የለም። ግድ ቦታ የምትለውጥ ከሆነ ከመሄድህ በፊት የዝውውር ወረቀት አጽፍ፤ የምትሄድበት ተቋም መድኃኒቶቹ እንዳሉት በስልክ ይጠየቅልህ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። ይህ የአንተ ጥፋት አይደለም፤ ግን ዕቅድህ ውስጥ አስገባው። «መንገድ ቢዘጋ የሚሆን ትርፍ መድኃኒት ስጡኝ» ብለህ ጠይቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ይሰጣል። የነርሷን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗንና የሕክምና ደጋፊህን ስልክ በወረቀትም ጻፍ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሌላ ሰው ስልክ ተውሰህ ትደውላለህ። ቀን ካመለጠህ አትደብቅ፤ የሚቀጥለውን ክኒን እጥፍ አድርገህም አትዋጥ። ስንት ቀን እንዳመለጠ ተናገር፤ እነሱ አስልተው መጨረሻ ላይ ይጨምሩልሃል።

10. አክታህ ይናገር

በሁለተኛው ወር ሳሉ ይጠፋል፣ ሥጋ መልበስ ትጀምራለህ፣ ሌሊት ማላብህ ይቆማል። ደስ ይበልህ። ግን ሰውነትህ የሚሰማው መሻል ከሞቱት ብዙ ባክቴሪያዎች የተነሣ ነው፤ ቀስ ብለው የሚራቡት፣ ተኝተው የቀሩት ገና አሉ። የቀሩት ወራት ለእነሱ ናቸው። ስለዚህ «እንዴት ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ለሰውነትህ ሳይሆን በየወሩ ለሚላከው አክታህ አቅርብ።

የሚሰጥህን ዕቃ ማታ አልጋህ አጠገብ አስቀምጥ። ጠዋት ከእንቅልፍህ እንደነቃህ፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ አፍህን በውኃ ተጉመጥመጥ። ከቤት ውጣ፤ ሰው በሌለበት ንጹሕ አየር ላይ ቁም። ሁለት ጊዜ በደንብ ተንፍስ፣ ሦስተኛውን ይዘህ ከሆድህ ሳል። ምራቅ አይጠቅምም፤ ወፍራሙ፣ ከደረት የወጣው ነው የሚፈለገው። ክዳኑን ግጥም አድርገህ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ሸፍነህ፣ በዚያው ጠዋት አድርሰው። ስምህና ቀኑ ዕቃው ላይ በትክክል መጻፉን ሳታይ ከላቦራቶሪው መስኮት አትራቅ። ውጤቱን ስትቀበል ካርድህ ላይ እንዲጻፍልህ ጠይቅ፤ ያለፈው ወር ምን እንደነበርም አይተህ አወዳድር። ስድስት ወር ሞልቶ «ድነሃል» ከተባልክ በኋላም በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ተመልሰህ ታየ፤ ቀኖቹን ዛሬውኑ ካርዱ ጀርባ ላይ አስጽፋቸው።